ከአንጣሎ ስም ሥር ያለው ድንጋይ

(ተነጋጋሪዎቹ ዕድሜያቸውን በጂኦሎጂ ካርታ ሥራ ያሳለፉ አዛውንትና ከመቀሌ በስተደቡብ ለታሰበ አነስተኛ የመስኖ ግድብ የቦታ ጥናት የምታዘጋጅ የውሃ መሐንዲስ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የአካባቢው የጂኦሎጂ ካርታ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ ከቦታው የተለቀሙ የድንጋይ ናሙናዎች፣ የእጅ ማጉያ መነጽርና በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የያዘ ትንሽ ጠርሙስ አሉ።)

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ግድቡ የሚቆምበት ሸለቆ ካርታው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። መፍቻው «የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ» ይላል። ሸለቆው ውስጥ ወርጄ ያየሁት ግን አንድ ድንጋይ አይደለም። ገደሉ ላይ ቢጫ የሚመታው ጠንካራ ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ በእጅ የሚፈረፈር ግራጫ ነገር ይመጣል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ቅርፊት የሞላበት ሌላ ጠንካራ ንጣፍ። የትኛው ነው አንጣሎ?

አዛውንቱ፦ ሁሉም አንጣሎ ነው። ካርታው አልዋሸሽም፤ አንቺ አንድ ነገር ጠይቀሽው እሱ ሌላ ነገር መለሰልሽ እንጂ። አንቺ የፈለግሽው ከእግርሽ ሥር ያለው ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ ማወቅ ነው። ካርታው የሚነግርሽ በድንጋዮቹ ድርድር ውስጥ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደቆምሽ ነው። ሁለቱም የድንጋይ አመዳደብ ናቸው፤ ግን የተለያዩ ናቸው። ሰው ሲያደባልቃቸው ግድብ ያፈሳል።

መሐንዲሷ፦ እንግዲያው ከድርድሩ ይጀምሩልኝ።

አዛውንቱ፦ ከሥር እንነሣ። መሠረቱ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ እጅግ ጥንታዊ ድንጋይ ነው። በእሱ ላይ የእንጢጮ አሸዋ ድንጋይና የዕዳጋ ዓርቢ ደለል ይመጣሉ፤ ሁለቱም ይህ ምድር በበረዶ ግግር ሥር የነበረበትን ዘመን ይመሰክራሉ። ቀጥሎ የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው፤ በገርዓልታ ቀይ ሆኖ የቆመው ገደል። በእሱ ላይ አንጣሎ ተነጠፈ፤ በመቀሌ ዙሪያ ውፍረቱ እስከ 700 ሜትር ይደርሳል። በአንጣሎ ላይ የአጉላዕ ሼል የሚባለው ሸክላማ ድንጋይ፣ በእሱ ላይ የአምባ አራዶም አሸዋ ድንጋይ አለ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ የባዛልት ጎርፍ መጥቶ ሁሉንም ከደነው። መቀሌ ዙሪያ ያንን ክዳን ጊዜና ወንዝ ስለገፈፉት ነው ዛሬ የኖራ ድንጋዩን በዓይናችን የምናየው።

መሐንዲሷ፦ አንጣሎ የባሕር ድንጋይ መሆኑን አውቃለሁ። ባሕሩ ግን ከየት መጣ?

አዛውንቱ፦ ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል። አፍሪካ ከሕንድና ከማዳጋስካር ጋር ተጣብቃ የኖረችበት ታላቁ አህጉር፣ ጎንድዋና፣ መሰንጠቅ ሲጀምር ምድሩ ረገበና ባሕር ገባበት። ውሃው በአንድ ቀን ትግራይ አልደረሰም። ኦጋዴን በጁራሲክ መጀመሪያ አካባቢ የባሕር ደለል ሲጠራቀምበት መቀሌ ገና የብስ ነበር። እዚህ ዋናው የኖራ ድንጋይ የተጠራቀመው በጁራሲክ መጨረሻ ክፍል፣ ከ160 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሊቃውንቱ ኦክስፎርዲያንና ኪመሪጂያን የሚሏቸው ዘመናት ናቸው። ባሕሩ ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ነበር፤ ብርሃን እስከ ወለሉ ይደርስ ነበር፤ ቅርፊት የሚሠሩ ፍጥረታት ሞልተውበት ነበር። ቀይ ባሕር ገና አልተፈጠረም፤ ስለዚህ የመን ውስጥ ዓምራን የሚባለው የኖራ ድንጋይ የዚሁ ባሕር ወለል ነው። ዛሬ በመካከላቸው ባሕር ገብቶ ሁለት ስም ይዘው ቀሩ።

መሐንዲሷ፦ አንጣሎ የሚለውን ስም ማን አወጣለት?

አዛውንቱ፦ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በሕንድ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ከጦሩ ጋር መጣ። ከዙላ ጠረፍ ተነሥተው በሰንዓፈ፣ በዓዲግራት፣ በአንጣሎ፣ በአሸንጌ አድርገው መቅደላ ደረሱ። ብላንፎርድ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ድንጋይ እየመዘገበ ሄደ፤ መጽሐፉ በ1870 ታተመ። አሁን ያወጣቸውን ስሞች በተራ ተመልከቺ። የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ለባዛልቱ የአሸንጌ ክፍልና የመቅደላ ክፍል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ብታነቢው የጦሩ ጉዞ ነው። ከታች ወደ ላይ ብታነቢው የድንጋዩ ድርድር ነው። ጦሩ ወደ ደቡብ በገፋ ቁጥር ዕድሜው እያነሰ ወደሚሄድ ድንጋይ ይወጣ ነበር። ይህን መጀመሪያ ያስተዋልኩ ጊዜ ካርታውን ዘርግቼ ብዙ ሰዓት አየሁት።

መሐንዲሷ፦ የአገራችን ድንጋይ በወራሪ ጦር የሰፈር ዝርዝር መሰየሙ አይከነክንዎትም?

አዛውንቱ፦ ስሞቹ የእኛው አገር ስሞች ናቸው። አንጣሎ ራስ ወልደ ሥላሴ የተቀመጡባት የእንደርታ ከተማ ናት። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ብላንፎርድ ስም ሰጠ እንጂ ወሰን አልሰጠም። ድንጋዩ ከየትኛው ንጣፍ ጀምሮ የትኛው ላይ ያበቃል? ሌላው ሰው ሄዶ የሚያመሳክርበት አንድ የታወቀ ገደል የት ነው? በእሱ ዘመን ይህን መወሰን ልማድ አልነበረም፤ ስለዚህ አልወቅሰውም። ከእሱ በኋላ የመጣነው ግን ስሙን ይዘን ሮጥን። በ1930ዎቹ ጣሊያኖቹ ሜርላና ሚኑቺ ትግራይን በሰፊው አጠኑ። በ1972 ቤይት የሚባል ጂኦሎጂስት የመቀሌን ተፋሰስ በዝርዝር አቀረበ፤ አንጣሎን በድንጋዩ ጠባይ ከፋፈለው። በ1997 ደግሞ ቦዘሊኒና ባልደረቦቹ በሌላ ዓይን አዩት። ባሕሩ ወደ የብስ ሲገፋና ሲሸሽ የተዋቸውን ጥቅሎች ተከትለው የአንጣሎ ሱፐርሴኩዌንስ አሉት፤ የአጉላዕን ሼልም በዚያው ውስጥ አስገቡት።

መሐንዲሷ፦ ይኸው! እርስዎ አሁን አጉላዕ ከአንጣሎ በላይ ያለ ሌላ ክፍል ነው አሉኝ። እነሱ ደግሞ ውስጡ ነው ይላሉ። ማንን ልመን?

አዛውንቱ፦ ሁለቱንም። የሚመድቡት በተለያየ መስፈርት ነውና አይጣሉም። እኔ የነገርኩሽ ፎርሜሽን የምንለው አመዳደብ ነው። አንድ የድንጋይ አካል ፎርሜሽን ለመባል በጠባዩ ከላዩና ከሥሩ ካለው መለየት አለበት፣ ወሰኑ መስክ ላይ መታየት አለበት፣ ካርታ ላይ ሊሣል የሚችል ስፋት ሊኖረው ይገባል። ዕድሜ መስፈርት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። ቅድም ባሕሩ ቀስ እያለ ገባ ያልኩሽን አስታውሺ። ወለሉ ላይ የሚጠራቀመው የኖራ ጭቃ ከባሕሩ ጋር አብሮ ሲጓዝ አንዱ የድንጋይ አካል በአንድ ጫፉ የቆየ፣ በሌላው ጫፉ ያልቆየ ይሆናል። የሱፐርሴኩዌንሱ አመዳደብ ግን ጊዜን ይከተላል፤ በአንድ የባሕር መግቢያና መሸሻ መካከል የተጠራቀመውን ሁሉ፣ ድንጋዩ ቢለያይም፣ በአንድ ያስራል። ለዘይት ፈላጊ ይህኛው ይጠቅመዋል። ለካርታ ሠሪ የመጀመሪያው ይሻላል።

መሐንዲሷ፦ ለእኔስ?

አዛውንቱ፦ ለአንቺ ሦስተኛው፤ ድንጋዩን ራሱን በዓይነቱ መመደብ። ናሙናዎቹን አምጫቸው።

(መሐንዲሷ አራት ናሙናዎች በተርታ ታስቀምጣለች።)

አዛውንቱ፦ አሲዱን በመጀመሪያው ላይ ጣል አድርጊ።

መሐንዲሷ፦ ፈላ። ወዲያው ነው የተንተከተከው።

አዛውንቱ፦ ካልሳይት ነው። አሲዱ ካልሲየም ካርቦኔቱን ሲያፈርሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አረፋው እሱ ነው። አሁን አጥቢውና በማጉያው እዪው። ምን ይታይሻል?

መሐንዲሷ፦ ድብልብል ቅንጣቶች። አንዳቸው ሌላውን ነክተው ተደርድረዋል። እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ ናቸው። በመካከላቸው የሚያበራ ጥርት ያለ ነገር አለ።

አዛውንቱ፦ ኡይድ ይባላሉ። ሞገድ በማያርፍበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አንድ ጥቃቅን ስባሪ ወዲያና ወዲህ ሲንከባለል በዙሪያው የካልሲየም ካርቦኔት ሽፋን እየደረበ ይሄዳል። ሞገዱ ጭቃውን ጠርጎ ስለወሰደ በቅንጣቶቹ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ነው። ቆይቶ ከውሃ የወጣ ካልሳይት ሞላው፤ የሚያበራው እሱ ነው። እዚህ ላይ ሁለት አሜሪካውያን ይመጣሉ። ሮበርት ፎክ በ1959 ባወጣው አመዳደብ ቅንጣቱ ምንድን ነው፣ በመካከሉ ያለውስ ጭቃ ነው ወይስ ጥርት ያለ ካልሳይት ብሎ ይጠይቃል። ሮበርት ደንሃም በ1962 ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ ድንጋዩን የተሸከመው ማነው?

መሐንዲሷ፦ መሐንዲስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

አዛውንቱ፦ ለዚህ ነው የወደድኩት። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ከቆሙ ሸክሙ የእነሱ ነው። ቅንጣቶቹ በጭቃ ውስጥ የተንሳፈፉ ከሆኑ ሸክሙ የጭቃው ነው። ከዚህ ተነሥቶ መደበ። ጭቃ ሆኖ ቅንጣቱ ከ10 በመቶ ካነሰ ማድስቶን። ቅንጣቱ ከዚያ በልጦ ገና በጭቃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ከሆነ ዋክስቶን። ቅንጣቶቹ ተደጋግፈው በመካከላቸው ጭቃ ካለ ፓክስቶን። ጭቃ ከሌለ ግሬይንስቶን። ኮራል ወይም ሌላ ፍጥረት ገና በሕይወት ሳለ ያያያዘው ከሆነ ባውንድስቶን። የመጀመሪያ መልኩ ጠፍቶ የማይነበብ ከሆነ ደግሞ ክሪስታላይን ይባላል። ከላይ ወደ ታች ስትሄጂ የባሕሩን ወለል ሁኔታ ታነቢያለሽ። ማድስቶን የረጋ ውሃ ነው፤ ግሬይንስቶን ሞገድ የሚመታው።

መሐንዲሷ፦ ስለዚህ የያዝኩት ግሬይንስቶን ነው። ሁለተኛው ይኸው፤ ቅርፊት በቅርፊት ላይ ነው፣ ግን በመካከሉ ጭቃ ይታያል። ፓክስቶን ልበል?

አዛውንቱ፦ በይ። ቅርፊቶቹን ደግሞ ቸል አትበያቸው። እነዚህ ባለ መስመር ክብ ቅርፊቶች ብራኪዮፖድ ናቸው፤ የአንጣሎ ባሕር የሞላባቸው ፍጥረታት። የባሕር ቀንድ አውጣዎችና ባለ ሁለት ክፍል ቅርፊቶችም አሉ፤ አንዳንድ ቦታ ኮራል ይገኛል። አሞናይት የሚባለው ባለ ጥቅልል ቅርፊት ቢገኝ ዕድሜውን አጥብቦ ይነግርሽ ነበር፤ ግን ጥልቀት በሌለው ውሃ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ የአንጣሎን ዕድሜ የሚወስኑ ሰዎች በማይክሮስኮፕ በሚታዩ ደቃቅ የፎራሚኒፌራ ቅርፊቶች ላይ በብዙው ይመካሉ።

መሐንዲሷ፦ ሦስተኛው በእጅ የሚፈረፈረው ነው። አሲዱ ሲነካው ይፈላል፤ ግን አረፋው ሲጠፋ ጭቃ ቀረ።

አዛውንቱ፦ ማርል ነው። የኖራ ድንጋይና የሸክላ ቅልቅል። ከየብስ የመጣ ደቃቅ ጭቃ ወደ ባሕሩ ሲገባ የሚሠራ። የእንደርታን ኮረብታ ከሩቅ ስታዪ እርከን እርከን ሆኖ የሚታይሽ በዚህ ምክንያት ነው። ጠንካራው የኖራ ድንጋይ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ ማርሉ ይሸረሸርና ተዳፋት ይሆናል። ማረሻ የሚገባው በአብዛኛው በተዳፋቱ ነው፤ ቤት የሚሠራበትን ድንጋይ ከገደሉ ይፈነቅላሉ። የመቀሌ ከተማ ግንብ በብዛት የቆመው በዚህ ድንጋይ ነው።

መሐንዲሷ፦ አራተኛው አልገባኝም። ከሸለቆው ላይ፣ ከኮረብታው ጫፍ አካባቢ ያነሣሁት ነጭ ስንጥር ነው። አሲድ ጣል አደረግሁበት፤ ምንም አልሆነም።

አዛውንቱ፦ በጥፍርሽ ፋቂው።

መሐንዲሷ፦ ተፋቀ።

አዛውንቱ፦ ጂፕሰም ነው፤ ጀሶ የሚሠራበት። ከኖራ ድንጋዩ ንጣፎች መካከል አላገኘሽውም፤ አይደል?

መሐንዲሷ፦ አይደለም። ቀጫጭን ጥቁርና አረንጓዴ የሚመታው ሸክላማ ንጣፍ ውስጥ ነው ያገኘሁት።

አዛውንቱ፦ እንግዲህ ከአንጣሎ ወጥተሽ የአጉላዕ ሼል ላይ ቆመሻል። ካርታው እዚያ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከቀባ፣ በአንድ ለመቶ ሺሕ ወይም ከዚያ ባነሰ ዝርዝር የተሣለ ካርታ የኮረብታ ጫፍ ላይ የቀረን ቁራጭ ስለማይዝ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ የቀረው ውሃ በፀሐይ ተንኖ ጂፕሰሙን ጣለ። ለአንቺ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጂፕሰም ከኖራ ድንጋይ ይልቅ በፍጥነት በውሃ ይሟሟል። ውሃው ውስጥ የሚገባው ሰልፌት ደግሞ የተለመደውን ሲሚንቶ ኮንክሪት ይበላዋል። ከዚያ ኮረብታ የሚወርድ ምንጭ ወደ ግድቡ የሚገባ ከሆነ ውሃውን አስመርምሪ፤ ሲሚንቶውንም በውጤቱ መሠረት ምረጪ።

መሐንዲሷ፦ ስሙ ጥቅም የለውም ልል ነበር፤ አሁን ግን የስሙን ነገር አምጥተው ጂፕሰሙን አስረዱኝ።

አዛውንቱ፦ ስሙ ከሥርሽና ከላይሽ ምን እንደሚጠብቅሽ ይነግርሻል። የአምባ አራዶም አሸዋ ድንጋይ ላይ ቆመሽ ጉድጓድ ብታስቆፍሪ መጀመሪያ አጉላዕን፣ ከዚያ አንጣሎን እንደምትወጊ ታውቂያለሽ። ያ በገንዘብ የሚተመን እውቀት ነው። ስሙ የማይነግርሽ አንድ የተወሰነ ንጣፍ ውሃ ያሳልፋል ወይስ ይይዛል የሚለውን ነው። 700 ሜትር ውፍረት ያለው ነገር ሁሉ አንድ ጠባይ ሊኖረው አይችልም።

መሐንዲሷ፦ ዓባይ በረሃ ላይም የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ አለ ይባላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንሻገር ያየነው ገደል ያው ነው?

አዛውንቱ፦ እሱ የሚያከራክር ነው፤ እኔም አቋም አለኝ። የዓባይ ሸለቆ ድርድር በጥቅሉ የትግራይን ይመስላል፤ ግን አንድ አይደለም። ከሥር አሸዋ ድንጋይ አለ። በእሱ ላይ ትግራይ የሌለ ነገር ይመጣል፤ ጂፕሰምና ሼል የበዛበት ወፍራም ክፍል። ይህን ድሮ የዓባይ ንጣፎች እያሉ በደፈናው ያልፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ጌታነህ አሰፋ በሥርዓት ለክቶ፣ ወሰኑን አሳይቶ የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን ብሎ ሰየመው። ሥራው የሚያኮራኝ የሰየመው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ብላንፎርድ ያልሠራውን ሁሉ ስለሠራም ነው። ከዚያ በላይ 400 ሜትር ገደማ የሚሆን የኖራ ድንጋይ አለ። ከታች ጠንካራ የኖራ ድንጋይ፣ መካከሉ ማርል የበዛበት፣ ላዩ ላይ እንደገና ኡይድና ኮራል ያለበት ነው። አንጣሎ የሚሉት ይህንን ነው። ከላዩ የሙገር ጭቃ ድንጋይና የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ አሉ፤ ከዚያ ባዛልት።

መሐንዲሷ፦ ታዲያ ክርክሩ ምኑ ላይ ነው?

አዛውንቱ፦ ከመቀሌ እስከ ደጀን በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መካከሉን በአብዛኛው ባዛልት ሸፍኖታል። ንጣፉን በእግሩ ተከትሎ ከአንዱ ወደ ሌላው የደረሰ ሰው የለም። አንድ ስም የሰጠናቸው አንድ ባሕር እንደነበሩ ስለገመትን ነው። ግምቱ ጥሩ ነው፤ ቅሪተ አካሉም ይደግፈዋል። ግን ፎርሜሽን የሚባለው የድንጋይ አካል ነው ካልን፣ አንድ ባሕር ነበር ማለት ብቻውን አንድ ፎርሜሽን አያደርጋቸውም። ኦጋዴን የዚያው ባሕር ነው፤ እዚያ ግን ሐማንሌይ፣ ኡራንዳብ፣ ገብረዳሬ እያልን በሦስት እንከፍለዋለን። በደቡብ ምሥራቅ ስሙን ሦስት አድርገን በሰሜንና በመካከሉ አንድ ማድረጋችን ከድንጋዩ የመጣ ልዩነት ብቻ አይደለም። ኦጋዴን ዘይት ስለተፈለገበት ተቆፈረ፣ በዝርዝርም ተለካ። ዓባይና ትግራይ ያን ያህል አልተቆፈሩም።

መሐንዲሷ፦ ስሙ ይቀየር ማለትዎ ነው?

አዛውንቱ፦ አይደለም። ከ150 ዓመት በላይ በየጽሑፉ፣ በየካርታው፣ በየጉድጓዱ መዝገብ የገባ ስም ነው። ቢቀየር የቆየው መዝገብ ሁሉ ለአዲሱ ሰው ይዘጋበታል። ቀድሞ የወጣ ስም ይከበራል የሚለውም ደንብ ያለምክንያት አልመጣም። እኔ የምለው አንጣሎ ከፍ ያለ ደረጃ ይያዝ ነው፤ ብዙ ፎርሜሽኖችን የሚያቅፍ ግሩፕ ይሁን። በእሱ ሥር የመቀሌው ለብቻው፣ የዓባዩ ለብቻው፣ እያንዳንዱ በተለካና ሰው ሄዶ በሚያየው ገደል ላይ ተመሥርቶ ወሰኑ ይታወቅ። የመቀሌውም በውስጡ ማርል የበዛበትና የኖራ ድንጋይ የበዛበት ሆኖ ይከፈል። ያን ጊዜ አንቺን የመሰለ መሐንዲስ ካርታ ሲከፍት አንድ ሰማያዊ አያይም። ይህን እስከ ዛሬ አለመጨረሳችን ያሳዝነኛል፤ ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም፣ ስሙ ስላለን ድንጋዩን ያወቅን መስሎን ነው።

መሐንዲሷ፦ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ ግን ለይተው የሚያውቁት ይመስለኛል።

አዛውንቱ፦ ያውቃሉ፤ ካላወቁ ይከስራሉ። መቀሌም ሆነ ሙገር ላይ ካባ የሚከፍት ሰው አንጣሎ የሚለውን ስም ሳይሆን ንጣፉን ነው የሚገዛው። እቶኑ ውስጥ ድንጋዩ እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ 900 ዲግሪ ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይለቀቃል። ከንጹሕ የኖራ ድንጋይ ክብደት 44 በመቶው በዚህ መልክ ወደ አየር ይሄዳል። ማግኒዥየም የበዛበት ንጣፍ ቢገባ ሲሚንቶው ግድግዳ ላይ ከደረቀ በኋላ ቆይቶ ያብጣል፤ ግድግዳውን ይሰነጥቃል። ሸክላ ያለበት ማርል ግን ይጠቅማቸዋል፤ ሲሚንቶ ሸክላም ይፈልጋልና። አንቺን የሚያስፈራሽና የሚያስደስትሽ ከእነሱ ይለያል።

መሐንዲሷ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ውሃው መጥፋቱ ነው። ትግራይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብዙ ትናንሽ ግድቦች ተሠርተዋል፤ ከእነሱ ውስጥ ውሃ የማይዙ እንዳሉ ተጽፏል።

አዛውንቱ፦ አዎ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የምናወራው ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆናል። ያ ውሃ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን እያሟሟ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ሚሊዮን ዓመት ሲሠራ ዋሻ ያወጣል። ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመርን ዋሻ፣ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለውን፣ የወይብ ወንዝ የቆረጠው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ያንቺ ሸለቆ ያን ያህል ዋሻ ላይኖረው ይችላል፤ አንድ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን አንድ የመስኖ ወቅት ሙሉ ውሃ ሊያሳልፍ ይበቃዋል። ማርሉ እንዲህ አይሟሟም፤ ሸክላው ስንጥቁን ይደፍናል። ስለዚህ ምንጭ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የኖራ ድንጋዩ ከማርሉ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው፤ ውሃው ወርዶ ወርዶ ማርሉ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሄዳል።

መሐንዲሷ፦ በሸለቆው ግራ ጎን ሁለት ምንጮች አሉ። በአንድ ከፍታ ላይ ናቸው።

አዛውንቱ፦ ግሩም። ማርልሽ እዚያ ነው። አሁን የግድቡን ሙሉ የውሃ ከፍታ ከምንጮቹ ከፍታ ጋር አመሳክሪ።

መሐንዲሷ፦ ሙሉው ውሃ ከምንጮቹ ስድስት ሜትር ያህል ይበልጣል።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ግድቡ ሲሞላ ውሃው ከማርሉ በላይ ያለውን የኖራ ድንጋይ ይነካል። ያ ድንጋይ ግሬይንስቶን ሆኖ የተሰነጠቀ ከሆነ በጎን በኩል ወደ ቀጣዩ ሸለቆ ያፈሰዋል፤ ማድስቶን ሆኖ ስንጥቁ ጥቂት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ንጣፎቹ ወዴት እንደሚያዘነብሉ ለክተሻል?

መሐንዲሷ፦ ወደ ሸለቆው ውስጥ ትንሽ ያዘነብላሉ፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢሆን ነው።

አዛውንቱ፦ ለአንቺ የሚበጅ ነው። ግን አትተማመኚበት። መቀሌ አካባቢ መሬቱን የሚቆርጡ ረጃጅም ስንጥቆች አሉ፤ በመቀሌና በጨለቆት በኩል የሚያልፉት የታወቁ ናቸው። ከዚህም በላይ ዶለራይት አለብሽ። ይህ ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ ከሥር መጥቶ በአንጣሎና በአጉላዕ ንጣፎች መካከል የገባ ነው። አጠገቡ የነበረውን ድንጋይ ጠብሶ ሰነጣጥቆታል። ዶለራይቱና የኖራ ድንጋዩ የተገናኙበት መስመር ብዙ ጊዜ የውሃ መንገድ ይሆናል።

መሐንዲሷ፦ ዶለራይት በቀኝ ጎን አይቻለሁ። ቁፋሮ የታሰበው ግን በግድቡ መስመር ላይ ብቻ ነው። ሦስት ጉድጓድ።

አዛውንቱ፦ አንዱን ወደ ግራው ጎን ውሰጂ፤ ከምንጮቹ በላይ ጀምረሽ ማርሉን እስክታልፊ ውረጂ። ሌላውን በቀኝ በኩል ዶለራይቱ የኖራ ድንጋዩን በሚነካበት አስቆፍሪ። ከጉድጓዱ የሚወጣውን የድንጋይ ዘንግ፣ ኮሩን፣ መዝገብ ላይ ስትሞዪ «የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ» ብለሽ ሙሉውን አርባ ሜትር በአንድ መስመር አታልፊው። በየሜትሩ በደንሃም ስም ጻፊ፤ ማድስቶን፣ ዋክስቶን፣ ማርል እያልሽ፤ ስንጥቁንም ቁጠሪ፤ የቁፋሮው ውሃ የጠፋበትን ጥልቀት አመልክቺ።

መሐንዲሷ፦ ቁፋሮው ላይ ሼል ካጋጠመኝስ? አጉላዕ ነው ወይስ በአንጣሎ ውስጥ ያለ ማርል?

አዛውንቱ፦ ወሰኑ ቀስ በቀስ የሚለወጥ ስለሆነ በአንድ ኮር ላይ ላትወስኚው ትችያለሽ። ከሥሩ ያለው የኖራ ድንጋይ ወፍራም ሆኖ ሲቀጥል፣ ከላዩ ደግሞ ጂፕሰም ሲጀምር፣ በመካከሉ ያለውን የመሸጋገሪያ ክፍል ብለሽ ውፍረቱን መዝግቢ። ናሙናውን አስቀሪልኝ፤ ቁፋሮው ሲያልቅ ኮሩን አብረን እናየዋለን።